የሰበራት ፕሮግራሙ ነው፦ አንድ ጥያቄና 31 መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። የወሩን የዲዩቲ ፕሮግራም፣ ማን መቼ ተረኛ እንደሚሆን፣ የማወጣው እኔ ነኝ። ከጥያቄዬ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከ8 ዓመት በላይ አብራኝ የሠራች ነርስ ቢሮዬ መጣች። ወደ ካርድ ክፍል እንዳዛውራት ለመነችኝ። ይቺ ልጅ የዋርዳችን ምሰሶ ናት። ደም ሥሩ ያስቸገረ በሽተኛ ሲመጣ የምትጠራው እሷ ናት። ስለ ደመወዝ አላነሳችም። በሽተኞቹንም አላማረረችም። የዋርዱን በር ስታይ ልቧ እንደሚመታ፣ ቤቷ ገብታ ደግሞ የገዛ ልጇ ሲጠራት እንደሚከብዳት ብቻ ነገረችኝ።

ከወጣች በኋላ የመስከረምን ፕሮግራም አውጥቼ ቆጠርኩት። 11 ማታ ገብታለች። ከእነዚያ ውስጥ 4ቱን 30 አልጋ ይዛ ብቻዋን አድራለች። በአንዱ ማታ ሁለት ሰው ሞቶባታል። በማግስቱም ማታ ተረኛ ነበረች። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲዝል ጠንከር በይ ይባላል። ጸልዪ ይባላል። ፈቃድ ውሰጂ ይባላል። ከፈቃዷ ስትመለስ የምትገባው ግን እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ነው። እኔ አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ ልጅቷን የሰበራት በሽተኛው አይደለም፣ የእሷ አለመጠንከርም አይደለም። ሥራው የተደለደለበት መንገድ ነው። አዲስ ቅጥር በቅርቡ አይመጣም። ታዲያ ባለን ሰው ሥራውን እንዴት ብናዋቅረው ነው ሰው የማይሰበርብን?

መልሶቹ

ይህን ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። 31 መልስ መጥቷል። የመልሶቹ ክር ረዝሞ መከተል ያቃታችሁ ስላላችሁ ከላይ እስከ ታች ያለውን ላስታውሳችሁ።

1ኛው መልስ ባሕር ዳር ካለች የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። በጣም ጨዋ መልስ ነበር። ልጅቷ የምትናገረው ነገር ስም እንዳለው አስረዳችን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲሱ የበሽታዎች መዝገቡ ላይ የሥራ መዛልን ሲያስገባ በሽታ ብሎ እንዳልመዘገበው፣ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎ እንደተረጎመው ጻፈች። ሦስት ምልክት አለው፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ የምሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት። ይህ መልስ ለእኔ እፎይታ ነበር። መዝገቡ ራሱ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሥራው ነውና።

2ኛዋ ብቸና አካባቢ ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ ናት። እነሱ ሁለት አዋላጆች ብቻ እንደሆኑና ግቢው ውስጥ ስለሚኖሩ ተረኛ ሆኑ አልሆኑ በራቸው እንደሚንኳኳ ጻፈች። ተረኛ ባልሆነችበት ሌሊት ስልኳ ሲጮኽ ካላነሳች ጭካኔ ይሆንባታል። ካነሳች ደግሞ እረፍቷ እረፍት አይደለም። ከሁለት ዓመት በላይ ስልኳን አጥፍታ ተኝታ አታውቅም። ቆይተው አንድ ዘዴ ዘየዱ። አንድ ተራ ስልክ ገዝተው የተረኛ ስልክ አሉት። ቁጥሩን ለአምቡላንስ ሾፌሩ፣ ለጤና ኬላዎቹና ለቀበሌው ሰጡ። ስልኩ ከተረኛ ወደ ተረኛ ይተላለፋል። የግል ቁጥራቸውን ማንም እንዳይሰጥ ተስማሙ። በሁለት ወር ውስጥ ሌሊት መተኛት ጀመረች። እኔ ከ31ዱ መልስ ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህን ነው። የእረፍት ሰዓት እረፍት የሚሆነው ተረኛው ማን እንደሆነ ሲለይ ብቻ ነው።

3ኛው መልስ ከጡረተኛ ጤና ረዳት መጣ። በደርግ ዘመን ጮቄ ተራራ ሥር ለብቻቸው ክሊኒክ ይዘው እንደሠሩ፣ በበቅሎ ሄደው እንደሚያክሙ፣ ያኔ ስለ መዛል የሚያወራ ሰው እንዳልነበረ ጻፉ። የዛሬ ልጆች ቶሎ ይከፋቸዋል ነው ነገሩ።

4ኛው መልስ በዚህ ተቆጣ። ከፍኖተ ሰላም የጻፈ ወጣት ነርስ ነው። ያኔ አንድ ዋርድ ውስጥ በአንድ ሌሊት ስንት በሽተኛ ይታይ እንደነበር፣ ስንት ቅጽ ይሞላ እንደነበር ጠየቃቸው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ማለትን ጥንካሬ ብሎ መጥራት ሰው እየጨረሰ ነው ሲል ቃሉን አከረረ። ለአባት የማይባል አነጋገርም ነበረበት። 5ኛውና 6ኛው ልጁን ለማብረድ የገቡ ናቸው።

7ኛው መልስ ክሩን ለወጠው። ጡረተኛው ተመለሱ። በልጁ አልተቀየሙም። ያኔ ስለ መዛል የሚያወራ እንዳልነበረ መጻፋቸው እውነት መሆኑን፣ ግን ማታ ማታ አረቄ ካልቀመሱ እንቅልፍ አይወስዳቸው እንደነበር፣ ትዳራቸውም በዚያ ምክንያት እንደፈረሰ ገለጹ። አንዲት እናት በምጥ በእጃቸው ላይ ከሞተች በኋላ አንድም ሰው እንዴት ሆንክ ብሎ ሳይጠይቃቸው 40 ዓመት ማለፉን በሁለት መስመር ጻፉ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን የተናገራቸው የለም። 4ኛው ልጅ ይቅርታ ጠይቋል።

8ኛው ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር ሰው ነው። ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን ሐሳብ አመጣልን። ሰውን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። ብዙ ሥራ ከትንሽ የመወሰን መብት ጋር ሲገጥም ነው። ሥራው ቢበዛም መቼ፣ እንዴት፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚወስን ሰው ይማርበታል፣ ያድግበታል። የማይወስን ሰው ይታመምበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጆንሰንና ሆል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት፦ አጠገብ የሚረዳ ባልደረባ መኖር አለመኖሩን። መምህሩ ይህን ከጻፈ በኋላ ወደ እኔ ፕሮግራም ተመለሰ። ልጅቷ በ11ዱ ማታ ሥራው በዝቶባታል፣ ፕሮግራሙን አልወሰነችም፣ በ4ቱ ማታ አጠገቧ ሰው የለም። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ወድቀዋል። አንብቤ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከ9 እስከ 13 ያሉት ስለ ደመወዝ ናቸው። በ2017 ግንቦት በመላው አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ያነሡትን ጥያቄና የሥራ ማቆሙን ያስታወሱ አሉ። የዲዩቲ ክፍያ ወራት ዘግይቶ እንደሚመጣ የጻፈችም አለች። በግል ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ነርስ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓቱንም በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ እንደገደበ፣ እሷ ጋ ግን ማንም እንደማይቆጥር ጻፈች። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ መሆኑን 12ኛው አረመ። ደመወዙ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ አልስማማም። ዮሃንስ ሲግሪስት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳየው የሚለፉበትና የሚያገኙት ነገር ሚዛኑ ሲዛባ ራሱ ያሳምማል። እሱ የሚያገኙት ያለው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ክብሩም አለበት፣ እድገቱም አለበት። የእኔ ጥያቄ ግን እኔና እናንተ ነገ ጠዋት ልንለውጠው ስለምንችለው ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

14ኛው የሆስፒታል አስተዳደር ላይ ያለ ሰው ነው። በጀት የለም፣ መደብ የለም፣ ማታ ሁለት ነርስ መመደብ የምትችሉ ከሆነ ቀን ማን ይሠራል የሚል ነበር መልሱ። ቃሉ ደረቅ ነው። ነርሶች ሁልጊዜ እንደሚያማርሩም ጨመረበት።

15ኛዋ የ2ኛዋ ጓደኛ የሆነች አዋላጅ ናት። ሥልጠና ለመስጠት በጀት እንደማይጠፋ አስታወሰችው። ባለፈው ዓመት የውጥረት አያያዝ ሥልጠና ተብሎ ሁለት ቀን በሆቴል እንዳሳለፉ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሳብ እንደተማሩ፣ በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ማታ እንደገቡ ጻፈች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን። መተንፈሱ አይከፋም። ግን 30 በሽተኛ ብቻዋን ለያዘች ሴት በደንብ ተንፍሺ ማለት ስድብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ ላይ ለጤና ሠራተኞች ሥራውን ራሱን፣ ጫናውንና የሰዓት ድልድሉን ማስተካከልን ከምክሮቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ለዚህ ይመስለኛል። ለኃላፊዎችም ሥልጠና ይላል። ለእኔ ማለት ነው።

16ኛው መልስ ከሞጣ ነው። አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያነሣው ሐሳብ ከእሱ መጣ። ገበሬ አባቶቻችን አረም ሲደርስ ወንፈል ይገባሉ። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን። እነሱ ዋርድ ነርሶቹ ራሳቸው ፕሮግራሙን በወንፈል ያወጣሉ። በፋሲካ ሙስሊም ባልደረቦች ይገባሉ። በረመዳን ማታ ክርስቲያኖቹ ይገባሉ። ሰርግ ያለበት፣ ተዝካር ያለበት፣ ልጅ የታመመበት ቀድሞ ይናገራል። ኃላፊዋ የምታየው ቁጥሩ መሙላቱንና አንድ ሰው ላይ አለመከመሩን ብቻ ነው።

17ኛዋ በዚህ አልተስማማችም። ወንፈል የሚጠቅመው መመለስ ለሚችል ነው ትላለች። ነፍሰ ጡሯ፣ አዲስ የተቀጠረችው፣ ዘመድ የሌላት ልጅ ውለታ ለመመለስ አቅም ስለሌላት ዝም ብላ መጥፎውን ማታ ትወስዳለች። ባለ ብዙ ጓደኛው ደግሞ እሑድን ይወስዳል። እውነቷን ነው። 16ኛው ተመልሶ እነሱም ጋ ያ እንደደረሰ፣ ለዚያም የአንድ ሰው የማታ ተራ በወር ከ7 እንዳይበልጥ፣ ከማታ በኋላ ደግሞ ሙሉ ቀን ሳያርፉ እንዳይገቡ የማይነካ ወሰን እንዳበጁ አስረዳ። በወሰኑ ውስጥ ወንፈል፣ ከወሰኑ ውጭ የለም። ይህ እኔን አሳምኖኛል።

18ኛው ሌላ መላ አመጣ። ነርሶቹን በየወሩ ከዋርድ ወደ ዋርድ ብናዛውር ከበሽተኛ ጋር ሳይላመዱ ሐዘኑ ይቀልላቸዋል የሚል ነው። ሐሳቡ ቅን ነው። 19ኛው፣ ያው የደብረ ማርቆሱ መምህር፣ በትሕትና አረመው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች ተመራማሪ ለንደን ውስጥ አንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያጠናችው ልክ ይህንኑ ነው። ነርሷ ከአንድ በሽተኛ ጋር እንዳትጣበቅ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። አንዷ ለሁሉም ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ ለሁሉም አልጋ ታነጥፋለች። ተማሪ ነርሶችም በየጊዜው ይዛወራሉ። ጭንቀቱ ግን አልቀነሰም። ይልቁንም አንድ ሰው ሲድን አይቶ የመደሰቱ ነገር ከነርሶቹ ተወሰደ። እኔም ከራሴ አውቃለሁ። ሰው ተሸክሞት ገብቶ በእግሩ የወጣ በሽተኛ ነው ለሚቀጥለው ሳምንት ጉልበት የሚሰጠኝ።

20ኛዋ ከአዊ በኩል የጻፈች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መልሷ ረጅም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ 16 ፓኬጅ ማለትም 16 ዓይነት የጤና ሥራ ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሲጨመር እንጂ ሲቀነስ አላየችም። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ ሥርዓተ ምግብ፣ ወባ። ከጤናው ሌላ ደግሞ ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ፣ መዋጮ ሲሰበሰብ እሷን ይጠራታል። አለቃዋ ማን እንደሆነ ራሱ አይለይም፤ ጤና ጣቢያውም ያዛታል፣ ቀበሌውም ያዛታል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይደርስም፤ ሰው ግን የሚጠይቀው እሷን ነው። የሌለ መድኃኒት የለም ብላ በቀን ሃያ ጊዜ መመለስ እንደሚከብዳት ጻፈች። ያደከማት መንገዱ አይደለም፤ መንገዱን ለምዳዋለች። የምትመኘው አንድ አለቃና አንድ ሪፖርት ብቻ ነው። ከዚህ በታች አንዲት ነርስ መንገድ ተዘግቶ ተተኪዋ ሳትደርስ ሁለት ቀን ሙሉ ዋርድ ውስጥ እንደቆየች ጨመረች።

21ኛዋ ከርእሱ ወጣ ያለች ትመስላለች፣ ለእኔ ግን አልወጣችም። የዳንግላ ልጅ ናት። ቤይሩት አንዲት አረጋዊት ለ5 ዓመት አስታማለች። መኝታዋ አሮጊቷ አልጋ ሥር ነበር። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ትነሣለች። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው 189ኛው ስምምነት በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ እረፍት እንዳለ የሰማችው ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ነው። አሮጊቷን እንደምትወዳት ጻፈች። እንደተጎዳችም ጻፈች። ሁለቱም እውነት ነው።

ከ22 እስከ 24 ያለው ስለ ቡና ነው። አንደኛዋ በ10 ሰዓት አብረው ቡና የሚጠጡበት ግማሽ ሰዓት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ከሰው እንደራቀ ጻፈች። 23ኛው በሥራ ሰዓት ቡና መባሉን ተቃወመ። 24ኛዋ ቡናውን የምታፈላው የጽዳት ሠራተኛዋ መሆኗን፣ ማዋለጃ ክፍል ያለውን ደም የምታጥበውም እሷ መሆኗን፣ ይህን ሁሉ ስንጽፍ ግን አንዳችንም እንዳላነሳናት አስታወሰችን። ልክ ናት። እኔም አላነሳሁም።

25ኛው ሰው በሽተኛ ሲሞት በዚያው ቀን ሁሉም ሠራተኛ ተሰብስቦ ያየውን እንዲናገር ግዴታ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። 26ኛዋ፣ የመጀመሪያዋ የባሕር ዳር ነርስ፣ እዚህ ላይ ቆፍጠን አለች። ከአደጋ በኋላ ሰውን አስገድዶ አንዴ ማናገር እንደማይመከር፣ አንዳንዱን እንዲያውም እንደሚጎዳ አስረዳች። የሚመከረው ሰውየው ደህና መሆኑን ማረጋገጥ፣ የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ መናገር ከፈለገ መስማት፣ ካልፈለገ አለማስገደድ ነው። ቤት እንዴት ትሄዳለህ፣ ማን አለህ፣ ነገ ማን ይግባልህ። ነገ ማን ይግባልህ የሚለው ደግሞ የፕሮግራም ጥያቄ ነው።

27ኛዋ ይህን ተከትላ የእናቶች ሞት ግምገማን አነሳች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አገራችን ውስጥ የእናት ሞት ሲደርስ ምክንያቱ ይመረመራል። መርሁ ስም የለም፣ ወቀሳ የለም ነው። እሷ የተቀመጠችበት ስብሰባ ግን ችሎት መሰለባት። ስሟ ባይነበብም ሁሉም ወደ እሷ ይመለከት ነበር። ደም አለመኖሩ፣ አምቡላንሱ ሦስት ሰዓት መዘግየቱ በመጨረሻ ነው የተነሣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደም ግፊት ያለባት እናት ምጥ ይዟት ስትመጣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በታች 28ኛው ጸበል ሄዳ እንድታርፍ መክሯታል። በደግነት ነው የጻፈው፣ እሷም አመስግናዋለች።

29ኛው ለእኔ ሥራ የሆነ መልስ ነው። የተረኛ ሰዓት ሲዛወር ከቀን ወደ ማታ መሄድ ከማታ ወደ ቀን ከመመለስ እንደሚቀልል፣ የሰውነት ሰዓት ወደ ፊት መግፋት ስለሚቀለው መሆኑን ጻፈ። በሁለት ተራ መካከል የአውሮፓ ሕግ ቢያንስ 11 ሰዓት እንደሚጠይቅም ጨመረ። እኛ ጋ ማታ ከ11 ተኩል እስከ ጠዋት 2 ተኩል ነው። 15 ሰዓት። በማግስቱ ማታ ሲገባ በመካከሉ 9 ሰዓት ብቻ ይቀራል። መንገዱ፣ ምግቡ፣ ልጁ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

30ኛው የ14ኛው አስተዳዳሪ ነው። ተመልሶ መምጣቱን አልጠበቅኩም። ሁለተኛ የማታ ነርስ ላይ አሁንም አልተስማማም፤ መደቡ የለም ይላል። ነርሶች ያማርራሉ ያለውን ግን አንስቶታል። በጀት የማይጠይቁትን ለየብቻ ቆጠረልን፦ ፕሮግራሙን ወር ሳይገባ መለጠፍ፣ የማታ ወሰን ማበጀት፣ ሰው ከሞተበት ማታ በኋላ የሚቀጥለውን ማታ ለሌላ መስጠት፣ ለርክክብ ሁለቱ ተረኞች ሩብ ሰዓት አብረው መቆየታቸው። የተረኛ ስልኩንም ወደ እሱ ሆስፒታል ሊወስደው እንደሚፈልግ ጻፈ። ብቻዋን የምታድረው ነርስ ጉዳይ ግን አልተፈታም። እኔም በዚህ አልለቀውም። ሌላው ቢቀር ከጎን ዋርድ አንድ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገብቶ እንዲያያት ማድረግ እንችላለን።

የኅዳርን ፕሮግራም ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብለን አውጥተነዋል። ከ7 ማታ በላይ የደረሰው የለም። ካርድ ክፍል ልዛወር ያለችው ልጅ እስከ ታኅሣሥ ቀን ብቻ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ለመቆየትም ለመዛወርም ምርጫው የእሷ ነው፤ ማመልከቻዋን አልቀደድኩም።

31ኛው መልስ ትናንት ማታ የገባ ነው። የብቸና አካባቢዋ አዋላጅ ናት። አስተዳዳሪውን አመሰገነችና አንድ ነገር ጠየቀችው። የእነሱን የተረኛ ስልክ ካርድ እስካሁን ሁለቱ አዋላጆች ከኪሳቸው ነው የሚሞሉት። እሱ ሆስፒታል ሲጀምር ማን ሊሞላ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። እስከ አሁን አልመለሰላትም።